የባንክ ሒሳብና የባለቤቱ ፈቃድ

አንድ ባንክ ሰውየውን ሳይጠይቅ በስሙ ሒሳብ ቢከፍት ነገሩ ምን ይባላል? እንግዳ ቢመስልም በታላላቅ ባንኮች ዘንድ ታይቷል። ዌልስ ፋርጎ የተባለው የአሜሪካ ባንክ ለእያንዳንዱ ደንበኛ ስምንት ዓይነት አገልግሎት እንዲሸጡ ሠራተኞቹን ሲያስጨንቃቸው፥ እነርሱም ደንበኞቹ የማያውቁትን ሒሳብና የብድር ካርድ በስማቸው ያወጡ ነበር። በ2016 እ.ኤ.አ. ነገሩ ሲገለጥ እንዲህ ሳይከፈት አልቀረም ተብሎ የተገመተው 2 ሚሊዮን ያህል ነበር፤ በዓመቱ ግምቱ ወደ 3.5 ሚሊዮን ከፍ አለ። ባንኩ 185 ሚሊዮን ዶላር ተቀጣ፤ 5,300 ያህል ሠራተኞችም ተሰናበቱ።

በአገራችን ሕግ ነገሩ አያሻማም። የባንክ ሒሳብ ውል ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ውል በተዋዋዮቹ ፈቃድ እንደሚመሠረት ይደነግጋል፤ በቍጥር 1682ም ዝምታ እንደ መቀበል አይቈጠርም ይላል። እንግዲህ ያልተጠየቀ ሰው ተስማምቷል ለማለት አይቻልም።

ወደ አሶሳ ስንመጣ ግን ጥያቄው መልኩን ይለውጣል። በዚህ ጸሐፊ ስሙን የሚያስመስልበት የለም፤ ሒሳቡ የሚከፈተው በስም ዝርዝር ነው። አሶሳ በ2009 ዓ.ም. ገደማ የከተማ ልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም ከተጀመረባቸው 11 ከተሞች አንዷ ናት። በአካባቢ ሥራ የተሰማሩት ድሆች ክፍያቸው የሚደርሳቸው በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ በኩል ነበር፤ ከዚያም ውስጥ ከመቶ 20 እጁ ኋላ ለግል ሥራ መነሻ እንዲሆን ይቈጠብ ነበር። አሳቡ መልካም ነው፤ በየቀበሌው ገንዘብ በእጅ ከማደል ይልቅ ባንክ ከስርቆት ይጠብቃል። ያለ ፈቃድ ተከፈተ ማለታችንም አይደለም። ነገር ግን የዕለት ጕርሱ በዚያ ሒሳብ በኩል ብቻ የሚመጣለት ሰው እንቢ ለማለት ምን ያህል ነጻ ነው? የመንግሥት ሠራተኛው ደመወዝም እንዲሁ ነው። ፊርማ አለ፤ ምርጫ ግን ጠባብ ነው።

ምርጫው የሚጠበው ደግሞ በቋንቋ ጭምር ነው። በክልሉ በርታ፥ ጉሙዝ፥ ሺናሻ፥ ማኦና ኮሞ ይኖራሉ፤ የክልሉ መንግሥት የሥራ ቋንቋ አማርኛ ነው። በርታኛ ብቻ የምትናገር፥ ፊደልም ያልቈጠረች እናት በአማርኛ በተጻፈ ወረቀት ላይ አውራ ጣቷን ብታሳርፍ፥ የፈቀደችው ምኑን እንደ ሆነ ወረቀቱ አይነግረንም።

ከሁሉ የሚከብደው ወለድ ነው። ከበርታ ሕዝብ የሚበዛው እስላም ነው፤ በእስልምናም ወለድ መቀበል ክልክል ነው። የቁጠባ ሒሳብ ግን ባለቤቱ ዝም ቢልም ወለድ ይጽፋል፤ ብሔራዊ ባንክ በ2010 ዓ.ም. ዝቅተኛውን የቁጠባ ወለድ ከመቶ 5 ወደ 7 ከፍ አድርጎታል። ለሌላው ሰው ደስታ የሆነው ጭማሪ ለዚህ ሰው የኅሊና ሸክም ነው። ሌላ መንገድ የለም እንዳይባል፥ ባንኮች ከወለድ ነጻ አገልግሎት እንዲሰጡ በ2004 ዓ.ም. መመሪያ ወጥቷል፤ በ2013 ዓ.ም. ደግሞ ዘምዘም ባንክ ሥራውን በሙሉ ያለ ወለድ ሊሠራ ተከፍቷል። እንግዲህ የስም ዝርዝሩን ይዞ የተቀመጠው ጸሐፊ «ከወለድ ጋር ነው ወይስ ያለ ወለድ?» ብሎ ካልጠየቀ፥ ሒሳቡ በባለቤቱ እውቀት ተከፈተ፥ ዓይነቱ ግን ያለ ፈቃዱ ተመረጠ ማለት ነው። እኛ ከአሜሪካው በደል ጋር የምናዛምደው ይህን ነው፤ ምንም እንኳ በዚህ ማንም ለማታለል ባያስብ።

መጠየቁ አንድ ደቂቃ አይፈጅም፤ በርታኛ ወይም ጉሙዝኛ የሚችል አንድ ሰው ከመስኮቱ አጠገብ ማቆምም ለባንክ ትልቅ ወጪ አይደለም። ኋላ ማቃናቱ ነው የሚያስቸግረው። ሰውየው ሒሳቡን ከወለድ ነጻ ወደ ሆነው ቢያዛውር እንኳ እስከዚያ የተጻፈለት ወለድ በስሙ ተቀምጧል፤ አብዛኛውን ጊዜ የሃይማኖቱ ሊቃውንት ለራሱ ሳያውል ለድሀ እንዲሰጠው ይመክሩታል። ያን ለማድረግ ግን በመጀመሪያ ከገንዘቡ የትኛው ወለድ፥ የትኛው የድካሙ ዋጋ እንደ ሆነ አንብቦ የሚነግረው ሰው ያስፈልገዋል።