ሰነዱ መጣ፣ ፊደሉ ቀረ

ኩዌት ውስጥ ላፕቶፕ የሚገዛ ወይም የሚያስጠግን ሰው መዳረሻው ሐወሊ፣ የኢብን ኻልዱን መንገድ ነው። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 የዊንዶውስ 10ን መደበኛ ድጋፍ ካቆመ ወዲህ፣ ማሽኑ ዊንዶውስ 11ን የማይቀበልለት ሁሉ አዲስ መግዛትን ማሰቡ አልቀረም። ሲገዛም ጥያቄው አንድ ነው፦ የድሮው ዕቃዬ እንዴት ይመጣል?

ዕቃው የሚኖረው "ፕሮፋይል" በሚባለው ውስጥ ነው። ፕሮፋይል በሲ ድራይቭ፣ "ዩዘርስ" ፎልደር ሥር በስማችሁ የተሠራ ቤት ነው (በኤክስፒ ዘመን "ዶክመንትስ ኤንድ ሴቲንግስ" ይባል ነበር)። ዴስክቶፕና ዶክመንትስ የሚታዩት ክፍሎች ናቸው። ከተደበቁት አንዱ "አፕዳታ" ሲሆን የፕሮግራሞችን ልማድ ይይዛል። ሌላው "ኤንቲዩዘር ዶት ዳት" የተባለው ፋይል የገጽ ምስላችሁንና የኪቦርድ ምርጫችሁን ይመዘግባል።

ቤቱን እንዳለ ገልብጦ መውሰድ ግን አይሠራም። ዊንዶውስ ባለቤቱን የሚያውቀው በስም ሳይሆን ለእያንዳንዱ አካውንት በሚሰጠው የመለያ ቁጥር ነው፤ አዲሱ ማሽን ላይ ስሙ አንድ ቢሆንም ቁጥሩ ሌላ ነው። ብዙ ኮምፒዩተር ያለው ድርጅት ለዚህ የማይክሮሶፍትን መሣሪያ ይጠቀማል፦ "ስካንስቴት" ከድሮው ይሰበስባል፣ "ሎድስቴት" በአዲሱ ባለቤት ስም ያራግፋል። ለአንድ ላፕቶፕ ግን አዲሱ ላይ በቅድሚያ አካውንት ከፍቶ ፎቶና ሰነዱን ብቻ ወደየቦታው መገልበጥ ይበቃል።

ለእኛ ዋናው ጣጣ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። የጽዋ ማኅበሩ ቃለ ጉባኤ፣ ለአገር ቤት የተጻፈው ውክልና ሲከፈት ትርጉም የለሽ የላቲን ፊደልና ምልክት ሆኖ ይገኛል። ሰነዱ አልጠፋም። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት ቁጥር ሥርዓት ውስጥ ከመግባቱ በፊት የተሠሩት የግዕዝ ፎንቶች የፊደላችንን ቅርጽ በላቲን ፊደላት ቁጥር ላይ ያስቀምጡ ነበር፤ በእነሱ መጻፍም ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ቀጥሏል። እነዚህ ፎንቶች በተለምዶ የሚቀመጡት በፕሮፋይሉ ውስጥ ሳይሆን በዊንዶውስ የራሱ የፎንት ፎልደር ስለሆነ በእጅ ሲገለበጥ ይቀራሉ። ኒያላ በተባለው ፎንት የተጻፈ ሰነድ ይህ አያሰጋውም፤ ዩኒኮድ ስለሆነ ፎንቱ ባይኖር እንኳ በሌላ የግዕዝ ፎንት ይነበባል።

ስለዚህ የድሮውን ላፕቶፕ ለሻጩ ከማስረከባችሁ በፊት ፎንቶቹን በፍላሽ ያዙ፤ አዲሱ ላይ ጭናችሁም ከሁሉ ያረጀውን የአማርኛ ሰነድ እዚያው ሱቁ ውስጥ ክፈቱት።