ያውቁ ኖሯል? ግፊት 180 ሲያልፍ ድንገተኛ ክፍል ምን ይሠራል?

ያውቁ ኖሯል? 180/120 የደረሰ ግፊት ሁሉ በመርፌ አይወርድም። ሐኪሙ አስቀድሞ የሚጠይቀው አንጎል፣ ልብ፣ ሳንባ፣ ኩላሊት ወይም ዓይን እየተጎዳ መሆኑን ነው። ደረት ከጨመደደ፣ ትንፋሽ ካጠረ፣ አፍ ከተጣመመ፣ ግማሽ አካል ከዛለ፣ ንግግር ከተኮላተፈ ወይም ሰውየው ራሱን ከሳተ ጉዳዩ የደቂቃዎች ነው፤ መድኃኒቱም በደም ሥር ይሰጣል። ከእነዚህ አንዱም ከሌለና የሚጎዳ አካል ካልተገኘ ግን 200 ያሳየ ግፊት እንኳ በሚዋጥ ክኒን፣ በቀናትና በሳምንታት ውስጥ እንዲወርድ ይደረጋል።

ያውቁ ኖሯል? ግፊትን ቶሎ ማውረድ ራሱ ስትሮክ ሊያመጣ ይችላል። ለዓመታት ከፍተኛ ግፊት የለመደ አንጎል የደም ሥሮቹ ለዚያው ተስተካክለዋል፤ በአንድ ጊዜ ወደ 120/80 ቢጎተት ደም ያጥረዋል። ስለዚህ የአብዛኛው ድንገተኛ ሕመምተኛ አማካይ ግፊት በመጀመሪያው ሰዓት ከ25 በመቶ በላይ እንዲወርድ አይፈለግም። 220/130 ሆኖ የገባ ሰው በአንድ ሰዓት ውስጥ 170/100 ገደማ ከደረሰ በቂ ነው። በሚቀጥሉት ከ2 እስከ 6 ሰዓታት ወደ 160/100 ይጠጋል፤ የቀረው በአንድና በሁለት ቀን ይስተካከላል። አስታማሚ “ኧረ አልወረደለትም!” እያለ ሲጨነቅ ነርሷ መርፌ ካልደገመች ሕመምተኛውን ቸል አለችው ማለት አይደለም።

ኒፈዲፒን የተባለውን እንክብል ነክሶ ወይም ከምላስ ሥር አድርጎ ግፊትን ማውረድ በዓለም ዙሪያ የተለመደ ነበር። ግፊቱ እንደ ገደል ይወርድና አንዳንዱ በስትሮክ፣ አንዳንዱ በድንገተኛ የልብ ሕመም ይያዝ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1996 በታዋቂው የአሜሪካ ሕክምና ማኅበር መጽሔት ላይ የጻፉ ሐኪሞች ይህ አሰጣጥ እንዲቆም ጠየቁ። ቀስ ብሎ የሚለቀቀው የኒፈዲፒን ክኒን ዛሬም ጠቃሚ ነው፤ የማይፈቀደው መንከሱ ነው። ጎረቤትዎ “ይችን ከምላስህ ሥር አድርግ” ቢልዎ እሺ አይበሉ።

ለየት የሚሉም አሉ። ከልብ የሚወጣው ትልቁ የደም ሥር ግድግዳው ከተሰነጠቀ ላይኛው ቁጥር በደቂቃዎች ውስጥ ከ120 በታች እንዲሆን ይደረጋል። አንጎል ውስጥ ደም ከፈሰሰ ወደ 140 ይወርዳል። የረጋ ደም ያመጣው ስትሮክ ከሆነና ደም የሚያሟሟ መድኃኒት የማይሰጥ ከሆነ ደግሞ ግፊቱ 220/120 እስካላለፈ ድረስ ብዙውን ጊዜ በመጀመሪያው ቀን አይነካም። ሁለቱን የስትሮክ ዓይነቶች ያለ ሲቲ ስካን በምልክት ብቻ በእርግጠኝነት መለየት አይቻልም። ሪፈር ከሚጻፍባቸው ምክንያቶች አንዱም ይህ ነው።

ያውቁ ኖሯል? ለነፍሰ ጡር የአደጋው መስመር ዝቅ ያለ ነው፤ 160/110። ይህ ቁጥር ከታየና በ15 ደቂቃ ውስጥ ሲደገም ካልቀነሰ መድኃኒቱ በአንድ ሰዓት ውስጥ መሰጠት አለበት። ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ሃይድራላዚን ነው፤ 5 ሚሊ ግራም በደም ሥር ቀስ ተብሎ። ኒፈዲፒን በሚዋጥ መልኩና ላቤታሎልም ያገለግላሉ። እንዳያንቀጠቅጣት ደግሞ ማግኒዚየም ሰልፌት ይጨመራል፤ የመጀመሪያው መጠን 4 ግራም በደም ሥር፣ 10 ግራም ለሁለት ተከፍሎ በሁለቱ መቀመጫዎች ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 ውጤቱ የታተመ፣ በ33 አገሮች 10,000 ገደማ ሴቶች የተሳተፉበት ጥናት ይህ መድኃኒት የመንቀጥቀጥን አደጋ ከግማሽ በላይ እንደሚቀንስ አሳይቷል። ሲበዛ ትንፋሽ ያቆማልና ነርሷ የጉልበቷን ምላሽ፣ አተነፋፈሷንና ሽንቷን ትከታተላለች፤ ማርከሻው ካልሲየም ግሉኮኔት አጠገቧ ይቀመጣል። አደጋው በወሊድ አያበቃም። አራስ ቤት ሆና ራሷን አጥብቆ ካመማት ወይም ዓይኗ ከተጋረደ “የወሊድ ድካም ነው” ተብሎ ገንፎ አይቀርብላት፤ ጤና ጣቢያ ትወሰድ።

ሽንት የሚያሸናው ላዚክስ ለእያንዳንዱ የግፊት ሕመምተኛ የሚወጋ መድኃኒት አይደለም። ሳንባ ውኃ ከቋጠረ ነፍስ ያድናል። ነገር ግን ግፊቱ በጣም የናረ ሰው ብዙ ጊዜ ውኃና ጨው በሽንት አጥቶ ነው የሚመጣው፤ ያለ ምክንያት ሲሰጠው ኩላሊቱ ይጎዳል።

የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ፍራንክሊን ሩዝቬልት እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 12 ቀን 1945 በአንጎል ደም መፍሰስ ሲሞቱ ግፊታቸው ከ300/190 በላይ ነበር። የዓለም ኃያል ሰው ነበሩ፤ ዛሬ በየፋርማሲው የሚገኘው የግፊት ክኒን አምሎዲፒን ግን ገና አልተሠራም ነበር።

ካፕቶፕሪል የተባለው የግፊት ክኒን የተሠራው ከእባብ መርዝ በተገኘ ዕውቀት ነው። ጃራራካ የሚባለው የብራዚል እባብ የነደፈው ሰው ግፊቱ ይወድቃል። ከመርዙ በተገኘው ፍንጭ ተመርተው የተሠራው ክኒን እ.ኤ.አ. በ1981 በአሜሪካ ተፈቀደ።

ያውቁ ኖሯል? የሃምበሪቾ ተራራን 777 ደረጃ ወጥቶ ወዲያው ግፊቱን የተለካ ሰው እውነተኛ ቁጥሩን አያገኝም። አምስት ደቂቃ ዐርፎ፣ ጀርባውን አስደግፎ፣ እግሩን ሳያነባብር፣ ክንዱን በልቡ ትክክል አኑሮ፣ ሽንቱን ሸንቶና ሳያወራ ይለካ። በጋቢና በሹራብ ላይ መለካት፣ ለወፍራም ክንድ ጠባብ መጠቅለያ መጠቀም፣ ሁለቱም ቁጥሩን ያሳስታሉ። ድንገተኛ ክፍል ከፍ ብሎ የተለካ ግፊት በግማሽ ሰዓት ዕረፍት ብቻ የሚወርድላቸው ሰዎች ጥቂት አይደሉም።

እ.ኤ.አ. በ2015 በኢትዮጵያ በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት ከአዋቂዎች 16 በመቶ ገደማው ከፍተኛ ግፊት ተገኝቶባቸዋል፤ አብዛኞቹ መድኃኒት አይወስዱም ነበር። በግፊት ሰበብ ሰውን ድንገተኛ ክፍል ከሚያስገቡት ምክንያቶች ዋነኛው የተቋረጠ ክኒን ነው። “ደኅና ነኝ” ብሎ ማቆም፣ የወሩ አልቆ ሳይገዙ መቅረት፣ ለያሆዴ ወይም ለመሳላ በዓል ከአዲስ አበባ ሲመጡ ክኒኑን ረስቶ መምጣት። በበዓሉ ክትፎውና ቅቤው ስለማይቀር፣ ሻንጣ ውስጥ መጀመሪያ የሚገባው መድኃኒቱ ይሁን። ሽፈራውም ሆነ ነጭ ሽንኩርት የጀመሩትን ክኒን አይተኩም።

እንዲህ ያሉ ሕመምተኞችን የሚያክሙ ሐኪሞች የሚሠለጥኑበት የድንገተኛ ሕክምና የስፔሻሊቲ ትምህርት በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2010 በጥቁር አንበሳ ነው።

ደቡብ አፍሪካ ላላችሁ የሆሳዕናና የከምባታ ልጆች፦ ለእናት ለአባት መለኪያ የምትልኩ ከሆነ በላይኛው ክንድ ላይ የሚታሰረውን ላኩ፤ የእጅ አንጓው በቀላሉ ይሳሳታል። ከአንጋጫ ወደ ዱራሜ ወይም ወደ ሆሳዕና ሪፈር ለተጻፈለት ደግሞ፦ የክኒኖችዎን ማሸጊያ፣ የተለካውን ግፊት ከነሰዓቱና የተሰጠዎትን መርፌ ስም በወረቀት ይዘው ይሂዱ። የሚቀበልዎ ሐኪም ምን ያህል ማውረድ እንዳለበት የሚወስነው ከዚያ ተነሥቶ ነው።