ሉዋ፦ ከእርሾው ጀምሮ የሚጋገር ቋንቋ

ሉዋ በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ «ዋጋ = 100» ብላችሁ ብትጽፉ ይቆጣል። የሚመልሰው ቃል ወደ አማርኛ ሲመለስ «225 አጠገብ ያልጠበቅሁት ምልክት አለ» እንደ ማለት ነው። 225 ከየት መጣ እንዳትሉ፣ ዘወትር የምንጽፋቸው የግዕዝ ሆሄያት ኮምፒውተር ውስጥ ሲቀመጡ እያንዳንዳቸው ሦስት ሦስት ባይት ይይዛሉ፤ የሁሉም የመጀመሪያ ባይት 225 ነው። ሉዋ «ዋ» ላይ ሲደርስ ያየው ይህን ቁጥር ነው፤ ቁጥሩ ደግሞ ከሚያውቃቸው የላቲን ፊደላት ዝርዝር ውስጥ የለም።

መፍትሔው ያለው እዚያው ሉዋ ውስጥ ነው። የ5.4 ምንጭ ኮድ ውስጥ ሠሪዎቹ አንዲት ማብሪያ ማጥፊያ ትተዋል፤ እሷ ስትበራ ቋንቋው የየትኛውንም አገር ፊደል በስም ውስጥ ይቀበላል። ተሠርቶ ያለቀውን ሉዋ አውርዶ የጫነ ሰው ግን ማብሪያዋን አያገኛትም። የተጋገረ ዳቦ ጨው አነሰው ቢባል ምን ይደረጋል? ማብሪያዋ ያለችው ሊጡ ላይ ነው፤ ሊጡ ደግሞ ለማንም ክፍት ነው።

ሉዋ የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1993 ብራዚል ውስጥ፣ በሪዮ ዴ ጄኔሮ ጳጳሳዊ ካቶሊክ ዩኒቨርሲቲ ነው። ሠሪዎቹ ሮቤርቶ ዬሩሳሊምስኪ፣ ሉዊዝ ኤንሪኬ ዴ ፊጌሬዶ እና ቫልደማር ሴሌስ ይባላሉ። ብራዚል ከ1977 እስከ 1992 ድረስ ከውጭ በሚገባ ኮምፒውተርና ሶፍትዌር ላይ ጥብቅ ገደብ ጥላ ነበር፤ የራሳችንን ራሳችን እንሠራለን የሚል ፖሊሲ ነበራት። በዚያ ዘመን የለመደ ሰው የቸገረውን ነገር ከገበያ ከመፈለግ ይልቅ ቁጭ ብሎ መሥራት ይቀለዋል። ሦስቱ ሰዎች ይሠሩበት የነበረው ቴክግራፍ የተባለ ቡድን ለነዳጅ ኩባንያው ለፔትሮብራስ መሐንዲሶች ሁለት ትንንሽ ቋንቋዎች አዘጋጅቶ ነበር። የአንደኛው ስም «ሶል» ነው፤ በፖርቱጋልኛ ፀሐይ ማለት ነው። ሁለቱ ተዋሕደው በአንድ ሲተኩ አዲሱ «ሉዋ» ተባለ፤ ጨረቃ። ዛሬ ይህች ጨረቃ «ወርልድ ኦፍ ዋርክራፍት» በተባለው ጨዋታና ላይትሩም በተባለው የፎቶ ማረሚያ ውስጥ አለች፤ ከ2013 ጀምሮ ደግሞ ውክፔዲያ የገጾቹን ቅጾች የሚያዘጋጀው በእሷ ነው።

ፕሮግራምን ከምንጭ ኮዱ ከመሥራት ጋር ለምናደርገው ትውውቅ ሉዋን የመረጥሁት ግን በዝናዋ ሳይሆን በትንሽነቷ ነው። ምንጭ ኮዱ ከነመመሪያው ታሽጎ አራት መቶ ኪሎባይት አይሞላም፤ በስልክ ከምናነሳው ፎቶ አብዛኛው ከዚህ ይበልጣል። ሲፈታ ሠላሳ ሺህ ያህል መስመር የሲ ቋንቋ ጽሑፍ ነው። የኢንተርኔት ጥቅሉን በሜጋባይት እየቆጠረ ለሚገዛ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ሉዋን ከምንጩ ለመሥራት የሚያስፈልጉት መሣሪያዎች ሁለት ናቸው። አንደኛው ኮምፓይለር ነው፤ ሰው የጻፈውን ኮድ ማሽኑ ወደሚፈጽመው ትእዛዝ የሚለውጥ። በነፃ ሶፍትዌር ዓለም አንጋፋው ኮምፓይለር ጂሲሲ ነው። ሪቻርድ ስቶልማን በመስከረም 1983 ግኑ የተባለውን ፕሮጀክት ሲያውጅ ያሰበው ሁሉም ሰው ሊያየው፣ ሊለውጠውና ሊያካፍለው የሚችል ሙሉ የኮምፒውተር ሥርዓት መሥራት ነበር፤ ጂሲሲ ለመጀመሪያ ጊዜ የወጣው በ1987 ነው። እዚህ ላይ አማርኛ ቋንቋችን ራሱ ያደናግራል፦ «ነፃ ሶፍትዌር» እና «በነፃ የሚገኝ ሶፍትዌር» አንድ ይመስላሉ። ስቶልማን ዕድሜውን ሙሉ የተከራከረለት የመጀመሪያው ነው። ገንዘብ አለመክፈሉ ትርፍ ነው፤ ዋናው ሊጡን መንካት መቻል ነው።

ሁለተኛው መሣሪያ ሜክ ይባላል። ስቱዋርት ፌልድማን በ1976 ቤል ላብስ ውስጥ የጻፈው ነው። ሥራው የአሳላፊ ሥራ ነው፦ የትኛው ፋይል ከየትኛው እንደሚሠራ የሚናገር ዝርዝር ያነብባል፣ የፋይሎቹን የለውጥ ሰዓት ያመሳክራል፣ ከተለወጠው በስተቀር ሌላውን አይነካም። ሠላሳ ፋይል ካላችሁና አንዱን ብቻ ካረማችሁ አንዱን ብቻ እንደገና ኮምፓይል ያስደርጋል። አንድ አመል ግን አለው። በዝርዝሩ ውስጥ የትእዛዝ መስመሮች በታብ ቁልፍ መጀመር አለባቸው፤ በስፔስ ቁልፍ ከተጀመሩ ይቆማል። ሁለቱ በዓይን አይለዩም። በዚህ የተነሣ ስንት ሰው ስንት ሌሊት እንዳደረ መቁጠር አይቻልም፤ አመሉ ግን ሃምሳ ዓመት ያህል ሆኖታል።

ኡቡንቱ ወይም ዴቢያን ሊኑክስ ላይ ጂሲሲም ሜክም አንድ ላይ በአንድ ትእዛዝ ይጫናሉ። ከዚያ የሉዋን ጥቅል ማውረድ፣ መፍታት፣ ተርሚናል ከፍቶ ወደ ፎልደሩ መግባትና «ሜክ» ብሎ መጻፍ ነው። መስመሮች ይወርዳሉ። እያንዳንዱ መስመር ጂሲሲ አንድ የሲ ፋይል ተቀብሎ በማሽን ቋንቋ የተጻፈ ቁራጭ ሲያወጣ የሚታይ ነው። ቁራጮቹ ለብቻቸው አይሠሩም፤ አንዱ ሌላው ውስጥ ያለውን ተግባር በስም ይጠራል፣ አድራሻውን ግን አያውቅም። በመጨረሻ ሊንከር የሚባለው ሠራተኛ መጥቶ ስሞቹን ከአድራሻቸው እያገናኘ ሁሉንም ይሰፋቸዋል። ይህ ሁሉ በመካከለኛ ላፕቶፕ ላይ ጥቂት ሰከንዶች ይወስዳል፤ ለቡናው ስኒ ማጠቢያ እንኳ አይበቃም። ጂሲሲን ራሱን ከምንጩ ለመሥራት የተነሣ ሰው ግን ቡናውን ከአቦል እስከ በረካ ጠጥቶ ሊጨርስ ይችላል።

ሁልጊዜ እንዲህ ለስላሳ አይሆንም። የቆየውን 5.3ን ሊኑክስ ላይ የሚሠራ ሰው ብዙ ጊዜ «ሪድላይን የሚባል ፋይል አጣሁ» በሚል ስሕተት ይቆማል። ሪድላይን ተርሚናል ላይ የጻፍነውን ወደኋላ ተመልሰን እንድናርም የሚያስችል ቤተ መጻሕፍት ነው፤ ለተጠቃሚ የሚሆነው ክፍል ማሽኑ ላይ ቢኖርም ለሠሪ የሚያስፈልገው ክፍል ለብቻው ይጫናል። ጀማሪዎች ይህን ሲያዩ ያበላሹ ይመስላቸውና ይተዉታል። የስሕተት መልእክት ስድብ አይደለም። የመጀመሪያውን ስሕተት ብቻ አንብቡ፤ ከሥሩ የሚከተሉት አብዛኛውን ጊዜ የእሱ ልጆች ናቸው።

ሥራው ሲያልቅ «ሜክ ኢንስቶል» ከማለት ይልቅ «ሜክ ሎካል» በሉ። የመጀመሪያው የማሽኑን ሉዋ ይነካል፤ ሁለተኛው ግን እዚያው ፎልደር ውስጥ ለብቻው ያስቀምጠዋል። ልንነካካው ስለሆነ ይህ ይሻላል።

ወደ መነካካቱ ከመሄዳችን በፊት አንድ ጥያቄ አለ። ሉዋን የሠራው ጂሲሲ ነው። ጂሲሲንስ ማን ሠራው? መልሱ፣ ከእሱ የቀደመ ጂሲሲ ነው። ኮምፓይለርም እንደማንኛውም ፕሮግራም ምንጭ ኮድ ነው፤ ወደ ማሽን ቋንቋ የሚለውጠው ሌላ ኮምፓይለር ይፈልጋል። እናቶቻችን ይህን ያውቁታል፦ የዛሬው ሊጥ የሚቦካው ካለፈው ቡኮ በተረፈ እርሾ ነው፤ እርሾ ያለቀባት ከጎረቤት ትለምናለች። ጂሲሲ ሲሠራ ሦስት ጊዜ ይቦካል። መጀመሪያ ማሽኑ ላይ ባገኘው እርሾ ራሱን ይሠራል፤ የተሠራው እንደገና ራሱን ይሠራል፤ ያም ሦስተኛ ጊዜ። ሁለተኛውና ሦስተኛው ይመሳከራሉ፤ ልዩነት ከተገኘ አንድ ቦታ ስሕተት አለ።

እርሾው ራሱ ቢበከልስ? ኬን ቶምፕሰን በ1984 በታተመው የቱሪንግ ሽልማት ንግግሩ ያሳየው ይህንኑ ነው። አንድ ኮምፓይለር የይለፍ ቃል የሚጠይቀውን ፕሮግራም ሲያይ የጀርባ በር እንዲከፍትበት፣ ራሱን ሲሠራም ያንኑ ተንኮል እንዲያስተላልፍ ማድረግ ይቻላል፤ ከዚያ በኋላ ተንኮሉ ከምንጭ ኮዱ ቢፋቅም እርሾው ውስጥ ይኖራል። ኮዱን መስመር በመስመር ያነበበ ሰው ምንም አያገኝም። ግኑ ጊክስ የተባለው ፕሮጀክት በ2023 ለዚህ ሥጋት አንድ መልስ አቀረበ፦ ሰው ተቀምጦ ሊመረምረው ከሚችል 357 ባይት ከሆነ ዘር ተነሥቶ፣ ደረጃ በደረጃ እስከ ጂሲሲ የሚደርስ መንገድ። በግዕዝ ሆሄያት ቢቆጠር 357 ባይት 119 ሆሄ ነው።

አሁን ወደ ሊጡ። ሉዋ የትኛው ባይት ፊደል እንደሆነ የሚወስነው በአንድ ትንሽ ፋይል ውስጥ ባለ ሠንጠረዥ ነው። እዚያ ከእንግሊዝኛ ውጭ ያሉት ሁሉ ዜሮ ተሰጥቷቸዋል። ዜሮዋን አንድ አድርጋችሁ «ሜክ» ብትሉ ሜክ የተለወጠውን ፋይል ብቻ ያድሳል፣ «ዋጋ = 100» ያለ ቁጣ ያልፋል። ፋይሉን ሳትነኩ ማብሪያዋን በትእዛዝ መስመር ብቻ ማስተላለፍም ይቻላል፤ ሆኖም ቀደም ብላችሁ ሠርታችሁ ከነበረ ሜክ ምንም አያደርግም። እሱ የሚያየው የፋይል ሰዓት እንጂ የእናንተን ሐሳብ አይደለም። መጀመሪያ «ሜክ ክሊን» ብሎ የቀደመውን መጥረግ ያሻል።

ይህን ያደረገ አማርኛ ጸሐፊ ሳይውል ሳያድር አንድ ነገር ይገጥመዋል። ከላይ «ነፃ» ብዬ የጻፍሁትን ሌላው «ነጻ» ይለዋል። እኛ አንድ አድርገን እናነብበዋለን፤ ለሉዋ ግን ሁለት የማይተዋወቁ ስሞች ናቸው። ፕሮግራሙ መጀመሪያ ላይ «ዓመት» ብሎ የሰየመውን ኋላ «አመት» ብሎ የጠራ ሰው ሉዋ ባዶ እጁን ትሰደዋለች፤ ስሙ ትክክል መስሎት ቀኑን ሙሉ ሲፈልግ ይውላል። ሌላም አለ። ማብሪያዋ ከእንግሊዝኛ ውጭ ያለውን ሁሉ በጅምላ ፊደል ስለምታደርግ አራት ነጥብም ፊደል ይሆናል፤ «ዋጋ» እና «ዋጋ።» ሁለት ስሞች ናቸው። ፓይተን በዚህ በኩል የተሻለ ነው፤ በ2008 ከወጣው 3.0 ጀምሮ የግዕዝ ስሞችን ይቀበላል፣ ሥርዓተ ነጥባችንንም ከፊደል ይለያል። ግን ለጀማሪ ሆዱን ከፍቶ ለማየት ሰፊ ነው።

ከስሞቹ አልፎ የቋንቋውን የራሱን ቃላት መለወጥም ይቻላል። ሉዋ 5.4 የተጠበቁ 22 ቃላት አሏት፤ ሁሉም ኮዱን የሚያነብበው ፋይል ውስጥ በአንድ ዝርዝር ተደርድረዋል። «ኢፍ»ን አውጥቶ «ከሆነ»ን መተካት የደቂቃ ሥራ ነው። ውጤቱ ግን «ከሆነ ዋጋ > 100» የሚል፣ እግሩ ሽቅብ የቆመ ዓረፍተ ነገር ነው። አማርኛ «ከሆነ»ን መጨረሻ ላይ ነው የሚያስቀምጠው። በትርጉም ብቻ «የአማርኛ ፕሮግራም ቋንቋ» ሠራን የሚሉ ሥራዎች የማይጥሙኝ ለዚህ ነው፤ ቃሉ አማርኛ ሆኖ አጥንቱ እንግሊዝኛ ይቀራል።

ነገር ግን ሉዋ ውስጥ ማምለጫ አለ። ቃል ለቃል መተርጎም ትቶ ቦታን መመልከት ነው። ሉዋ ሁኔታውን ከተናገረች በኋላ «ዜን» የሚል ቃል ትጠይቃለች፤ ይህ በትክክል የእኛ «ከሆነ» የሚቆምበት ቦታ ነው። ስለዚህ «ኢፍ»ን «ምናልባት»፣ «ዜን»ን «ከሆነ»፣ «ኤንድ»ን «በቃ» ብታደርጓቸው «ምናልባት ዋጋ > 100 ከሆነ» ብላችሁ ጀምራችሁ «በቃ» ብላችሁ ትዘጋላችሁ። ሰዋስውን የሚመረምረውን ክፍል አንዲት መስመር ሳትነኩ አያቴ የምትሰማው ዓረፍተ ነገር ይወጣል። «ፕሪንት»ን «አትም» ስታደርጉ ግን ተጠንቀቁ፤ የተርሚናሉ ፕሮግራም ውጤት ለማሳየት «ፕሪንት»ን በቀድሞ ስሙ ይጠራዋልና እዚያም መታረም አለበት።

ያልተፈታችልኝ «ዱ» ናት። አንዲቷን ቃል ሉዋ በሁለት የመደጋገሚያ ትእዛዞች ላይ ትጠቀምባታለች። ለ«ፎር» ብቻ ቢሆን «ድረስ» ያምራል፦ «ለ ቁጥር = 1, 10 ድረስ»። ለ«ዋይል» ግን ያው ቃል ነገሩን ይገለብጠዋል፤ «እስከ ቁጥር < 10 ድረስ» ሲባል አማርኛ ተናጋሪ የሚገባው ከ10 እስኪያንስ ነው፣ ሉዋ ደግሞ የምትለው ከ10 እስካነሰ ነው። ለሁለቱም የሚስማማ አንድ ቃል ያገኘ አንባቢ ቢኖር ይጻፍልኝ፤ ፋይሉን ከፍቼ ቦታውን ክፍት ትቼዋለሁ።