ምጸት (በእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ)

ምጸት፣ በእንግሊዝኛ አጠራሩ አይረኒ፣ ጸሐፊው በቃል የሚለውና በልቡ የያዘው ሐሳብ ተቃራኒ የሚሆኑበት የአነጋገር ዘይቤ ነው።

ታዋቂው ምሳሌ የደብሊን ተወላጅ የሆነው ጆናታን ስዊፍት በ1729 እ.ኤ.አ. ስሙን ሳይገልጽ ያሳተመው «አ ሞደስት ፕሮፖዛል» የተባለ አጭር ጽሑፍ ነው። በጽሑፉ የሚናገረው ሰው የአየርላንድ ድሆች ሕፃናት ልጆቻቸውን ለሀብታሞች ምግብነት እንዲሸጡ ይመክራል፤ ዋጋውንና ትርፉንም እንደ ነጋዴ በእርጋታ ያሰላል። የስዊፍት ዓላማ ግን ድሆችን እንደ ቁጥር ብቻ የሚያዩትንና ጨካኞቹን ባለርስቶች መንቀፍ ነበር።

ምጸቱ በሁለት ምልክቶች ይታወቃል። አንደኛ፣ ጉዳዩ አሰቃቂ ሆኖ ሳለ አነጋገሩ የረጋ ነው። ሁለተኛ፣ ተናጋሪው ወደ መጨረሻው እውነተኛ መፍትሔዎችን፣ ለምሳሌ ከአገር ውጭ በሚኖሩ ባለርስቶች ላይ ግብር መጣልንና የአገር ምርት መጠቀምን፣ ይዘረዝርና «የማይሆኑ ናቸው» በሚል መንፈስ ያልፋቸዋል። የስዊፍት ትክክለኛ ሐሳብ ያለው እዚያ ውስጥ ነው።

ምጸት ከሰምና ወርቅ ይለያል። ሰምና ወርቅ የአንድን ቃል ወይም ሐረግ ድርብ ትርጉም ይጠቀማል፤ ምጸት ግን ከጽሑፉ አጠቃላይ ሁኔታ ይገኛል። ስለዚህ ላይ ላዩን ብቻ ያነበበ ሰው የድሆችን ተሟጋች እንደ ጠላታቸው ሊቆጥረው ይችላል።