በጣሳና በበርሜል የሚበቅል አትክልትና ጠላቶቹ

የጅቡቲ ከተማ በዓመት የምታገኘው ዝናብ በአማካይ ከ200 ሚሊ ሜትር ያነሰ ነው። ከሰኔ እስከ ነሐሴ ባሉት ወራትም ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በላይ ይወጣል። በአምቡሊ ወራጅ ዳር ከረጅም ጊዜ ጀምሮ የታወቁ የአትክልት ቦታዎች ቢኖሩም ለከተማው ሕዝብ ስለማይበቁ፣ በገበያ የሚታየው አትክልት አብዛኛው ከውጭ አገር፣ ይልቁንም ከኢትዮጵያ የሚመጣ ነው። ስለዚህ በሰገነቱ ወይም በደጃፉ በጣሳ፣ በበርሜልና በሣጥን በሶብላ፣ ቃሪያና ቲማቲም የሚያበቅል ሰው ለቤቱ ታላቅ ጥቅም ያገኛል።

ሆኖም ሥሩ በጠባብ ዕቃ የታጠረ ተክል ቶሎ ይጠማል፤ የተጠማም ተክል በተባይ ፊት ይደክማል። ከጠላቶቹ ዋናዎቹ ሦስት ናቸው። የመጀመሪያው ክሽክሽ ነው፤ ሴቲቱ ያለ ወንድ ትወልዳለች፣ አየሩ ለዘብ ባለ ጊዜም ልጆችዋ በሳምንት ያህል ውስጥ እነርሱም ወላጆች ይሆናሉ። ሁለተኛው ነጭ ዝንብ ሲሆን፣ የቲማቲምን ቅጠል የሚያቆራምድ በሽታ ከተክል ወደ ተክል ያዛምታል። ሦስተኛው ቀይ ሸረሪት ነው፤ ይህ በደረቅ ሙቀትና በአቧራ ይበረታል።

ሦስቱም የሚሸሸጉት በቅጠሉ ሥር ነው። ስለዚህ ማለዳ ቅጠሉን ገልብጦ መመልከትና በውሃ ጠንከር አድርጎ ማጠብ የመጀመሪያው መድኃኒት ነው። ይህ ካልበቃ፣ በ1 ሊትር ውሃ ከ5 እስከ 10 ሚሊ ሊትር ፈሳሽ ሳሙና በጥብጦ ፀሐይ ስትበርድ መርጨት ይገባል። ሳሙና የሚገድለው የነካውን ተባይ ብቻ ነው። ጨዋማና ከባድ ውሃ ደግሞ ኃይሉን ስለሚቀንሰው፣ ጣፋጭ ውሃ መምረጥ፣ አስቀድሞም በአንድ ቅጠል ላይ መሞከር ያሻል። እንዲሁም 50 ግራም የተወቀጠ የኒም ፍሬ አስኳል በ1 ሊትር ውሃ አሳድሮና አጥልሎ ቢረጩት፣ የተባዩን አመጋገብና ዕድገት ይገታል።

ጽኑ መርዝ ግን ከወጥ ቤት ተክል ሊርቅ ይገባዋል፤ የዛሬው በሶብላ ነገ ከነቅጠሉ ይበላልና። ዲዲቲ የተባለው መርዝ ነፍሳትን እንደሚገድል በ1939 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ሲታወቅ ዓለም ሁሉ አመስግኖት ነበር። ዳሩ ግን ለረጅም ዘመን በአፈርና በእንስሳት ስብ ውስጥ የሚቆይ ሆኖ ስለ ተገኘ፣ በ2001 በስቶክሆልም የተፈረመው ስምምነት የወባ ትንኝን ለመሰለው በሽታ አስተላላፊ መከላከያ ብቻ ወሰነው። መርዙ ክሽክሽን ከመግደሉም ጋር ክሽክሽ የሚበላውን ነጠብጣብ ያለውን ቀይ ጥንዚዛ ይገድላል፤ ከዚያ በኋላ ተባዩ ከልካይ የሌለው ሆኖ ይመለሳል።

ነጋዴም ችግኝ ሲገዛ ወይም ሲያስመጣ የቅጠሉን ሥር ቢመረምር፣ አዲሱንም ለጥቂት ቀን ከቀድሞው አርቆ ቢያቆይ፣ የብዙ ቤት አትክልት ይድናል። «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚባለው ምሳሌ ለዚህ ሥራ እጅግ የተስማማ ነው።