«ማብ» የሚል ጭራ ያለው መድኃኒት ለምን ውድ ሆነ?

ትራስቱዙማብ፣ ሪቱክሲማብ፣ ፔምብሮሊዙማብ። ስማቸው ምላስ ያስራል አይደል? መጨረሻቸውን ግን ልብ በሉ፤ ሁሉም «ማብ» ብለው ነው የሚያልቁት። «ሞኖክሎናል አንቲቦዲ» የሚለው የእንግሊዝኛ ስም ሲያጥር ነው። ማዘዣ ወረቀት ላይ ይህችን ጭራ ካያችሁ ሁለት ነገር ገምቱ፦ መድኃኒቱ የሚዋጥ ኪኒን አይደለም፤ ዋጋውም የዋዛ አይደለም። ሁለቱ ነገሮች ደግሞ ይገናኛሉ።

አንቲቦዲ ሰውነታችን ጀርም ሲገባበት ራሱ የሚሠራው ፕሮቲን ነው። እያንዳንዱ የሚይዘው የራሱ ዒላማ አለው። በ1975 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው) ጆርጅ ኮህለርና ሴዛር ሚልስታይን ካምብሪጅ ውስጥ አንድ ዓይነት አንቲቦዲ ብቻ ሳያቋርጡ የሚያመርቱ ሴሎች መሥራት ቻሉ። በ1984 ኖቤል ተሸለሙበት። የሚገርመው፣ ለዘዴው ፓተንት አልወጣለትም፤ ማንም የሚጠቀምበት እውቀት ሆነ።

ታዲያ ዘዴው በነፃ ከተገኘ መድኃኒቱ ለምን ተወደደ? በንግድ ስሙ ሄርሴፕቲን የሚባለውን ትራስቱዙማብን እንይ። አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደው በ1998 ነው። ከ100 የጡት ካንሰር ታማሚዎች ከ15 እስከ 20 በሚሆኑት ላይ፣ የካንሰሩ ሴል ሄር2 የሚባል ፕሮቲን ከልክ በላይ ያበዛል። ሄር2 ሴሉን «እደግ፣ ተባዛ» እያለ ያዘዋል። ትራስቱዙማብ እሱ ላይ ተጣብቆ ትዕዛዙን ያፍናል፤ የሰውነትን ተከላካይ ሴሎችም ይጠራበታል። ስለዚህ የሄር2 ምርመራ መቅደም አለበት። መድኃኒቱ ልብን ሊያደክም ስለሚችል የልብ ክትትልም ያስፈልጋል።

ኪኒን የማይሆነውስ ለምንድን ነው? ፕሮቲን ነዋ! ብትውጡት ሆድ እንደ እንቁላል ይፈጨዋል። ስለዚህ እንደ ግሉኮስ በደም ሥር፣ ወይም ከቆዳ ሥር በመርፌ ይሰጣል። ደግነቱ ሰውነት አንቲቦዲን ቶሎ አይጥለውም፤ ከመሰባበር አድኖ ወደ ደም የሚመልስበት መንገድ አለው። ትራስቱዙማብ በየሦስት ሳምንቱ ሊሰጥ የሚችለውም ለዚህ ነው።

አሁን ወደ ሒሳቡ እንምጣ። አንድ አንቲቦዲ ከአንድ የአስፕሪን ሞለኪውል 800 እጥፍ ገደማ ይከብዳል። አስፕሪን በኬሚካል ይቀመማል። ትራስቱዙማብን የሚሠሩት ግን ከሀምስተር (የአይጥ ዘመድ ነው) የተገኙ ሕያው ሴሎች ናቸው። ሙቀቱ፣ ምግቡ፣ ኦክስጅኑ እየተጠበቀላቸው በትልልቅ ጋን ውስጥ ያድጋሉ።

እንደ ጠላ አስቡት። ሁለት ቤት በአንድ ዓይነት ብቅልና ጌሾ ቢጠምቅ ጠላው ቁርጥ አንድ አይሆንም። ፓተንት ሲያልቅ የሚመጣው የአንቲቦዲ ቅጂም እንደ ኪኒኑ «ጀነሪክ» ሳይሆን «ባዮሲሚላር» የሚባለው ለዚህ ነው። ከዋናው ጋር በጥራት፣ በደህንነትና በውጤት ትርጉም ያለው ልዩነት እንደሌለው በጥናት ማስመስከር አለበት። ፋብሪካውም ጥናቱም ብዙ ገንዘብ ይበላል። ኢኮኖሚክስ ክፍል ውስጥ «ወደ ገበያ የመግቢያ አጥር» ያሉን እንግዲህ ይሄ ነው፤ ተፎካካሪው ጥቂት ስለሆነ ዋጋው የሚወርደው እያዘገመ ነው።

ግን ይወርዳል! የዓለም ጤና ድርጅት ትራስቱዙማብን በ2015 መሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አስገባው። በ2019 ደግሞ ለመጀመሪያው ባዮሲሚላር የጥራት እውቅና ሲሰጥ፣ የዋናው የዓመት ወጪ በአማካይ 20,000 ዶላር እንደሆነ፣ ባዮሲሚላሩ ግን በአብዛኛው 65 በመቶ እንደሚረክስ ገለጸ። ያ ማለት 7,000 ዶላር ገደማ ነው። የጡት ካንሰር ከሴቶች ካንሰር ሁሉ በብዛት አንደኛ በሆነባት አገራችን፣ ይህም ቢሆን ለአብዛኛው ቤተሰብ የማይታሰብ ነው።

ወጪ ደግሞ ዋጋ ብቻ አይደለም፤ ዋጋ ሲባዛ በመጠን ነው። በ2019 የታተመ፣ ከ4,000 በላይ ታማሚዎች የተሳተፉበት የእንግሊዝ ጥናት፣ የስድስት ወር ሕክምና ከ12 ወሩ ጋር የተቀራረበ ውጤት እንዳለው አሳየ። በዚያው ዓመት የታተመ የፈረንሳይ ጥናት ግን ይህን ማረጋገጥ ስላልቻለ መደበኛው አሁንም አንድ ዓመት ነው። ለእኛ ዓይነት አገር ይህ ጥያቄ ከፓተንት ክርክር አያንስም።

እስከዚያው ሦስት ነገር ያዙ። ምርመራው ይቅደም። ሐኪም «ባዮሲሚላር» ሲል «ፎርጅድ» ማለቱ አይደለም። ጀምሮ በራስ ማቋረጥ ደግሞ ቁጠባ አይደለም።