ራም ሲያንስ

የተንቀረፈፈ ላፕቶፕ ሁሉ አርጅቶ አይደለም። ዎርድ ብቻ ሲከፈትበት ደህና የሚሠራ፣ ብሮውዘር ላይ አምስት ስድስት ገጽ ሲጨመርበት ግን ቀጥ የሚል፣ የሃርድ ዲስኩ መብራት ያለ ዕረፍት ብልጭ ድርግም የሚልበት ማሽን ብዙ ጊዜ ያነሰው ራም ነው።

ራምና ሃርድ ዲስክ ሁለቱም በጊጋ ስለሚለኩ ገበያ ላይ ይምታታሉ። «500 ጊጋ ነው» የሚል ሻጭ የሚያወራው ስለ ማስቀመጫው ነው፤ ፎቶው፣ ዶክመንቱና ዊንዶውሱ ራሱ የሚቀመጡት እዚያ ነው። ራም የሚይዘው ፕሮሰሰሩ አሁን የሚሠራበትን ብቻ ነው። ማሽኑ ሲጠፋ ባዶውን ይቀራል።

ይህ ከአሠራሩ የመጣ ነው። ዛሬ የምንጠቀምበትን የራም ዓይነት የፈለሰፈው የአይቢኤም መሐንዲስ ሮበርት ዴናርድ ሲሆን ፓተንቱን ያገኘው በ1968 እ.ኤ.አ. ነው። ለእያንዳንዱ ቢት አንድ ትራንዚስተርና አንድ ካፓሲተር መደበ። ካፓሲተሩ ቻርጅ ከያዘ 1፣ ካልያዘ 0 ይነበባል። ቻርጁ ግን እንደሚያዣ እንስራ ውኃ ስለሚያልቅ፣ በተለምዶ በየ64 ሚሊሰከንዱ ይታደሳል። ኤሌክትሪኩ ከተቋረጠ የሚያድሰው የለም።

ራሙ ሲሞላ ዊንዶውስ ለጊዜው የማይፈለገውን ወደ ሃርድ ዲስክ ያሸሻል፤ ሲፈለግ ደግሞ መልሶ ያመጣዋል። ራም የተጠየቀውን በናኖሰከንዶች ሲያቀርብ፣ የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ሚሊሰከንዶች ይፈጅበታል። መንቀርፈፉ የሚመጣው ከዚህ ምልልስ ነው።

ስለዚህ ገንዘብ ከማውጣት በፊት ማሽኑን መጠየቅ ይቀድማል። የተለመደውን ሥራ ሁሉ ከፍተው ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኤስኬፕን አንድ ላይ ሲጫኑ ታስክ ማናጀር ይመጣል። ሚሞሪው (ራሙ ማለት ነው) ከ80 ወይም ከ90 በመቶ በላይ እየተያዘ ከሆነ ራም መጨመር ይጠቅማል። ሚሞሪው ግማሽ ላይ ሆኖ ዲስኩ 100 በመቶ ላይ ከቆመ ግን ገንዘቡ ለኤስኤስዲ፣ ማለትም ለማይሽከረከረው ፈጣን ማስቀመጫ፣ ቢውል ይሻላል። ፐርፎርማንስ በሚለው ክፍል ሚሞሪ ሥር ስንት ስሎት (የራም መግጠሚያ ቦታ) እንዳለና ስንቱ እንደተያዘ ይታያል። የተጫነው ዊንዶውስ 32 ቢት ከሆነ ደግሞ ከ4 ጊጋ በላይ ስለማይጠቀም አስቀድሞ ወደ 64 ቢት መቀየር አለበት።

ከዚያ ዓይነቱን መለየት ይመጣል። የላፕቶፕ ራም ርዝመቱ የዴስክቶፑን ግማሽ ያህል ነው። ከትውልዶቹ ዲዲአር3 204፣ ዲዲአር4 260፣ ዲዲአር5 262 የመገናኛ ነጥቦች አሏቸው፤ የጠርዛቸው ክፍተትም ቦታው ስለሚለያይ አንዱ በሌላው ስሎት አይገባም። ዲዲአር3 እና ዲዲአር3ኤል ግን መልካቸው አንድ ሆኖ ቮልታቸው ይለያያል፦ የመጀመሪያው 1.5፣ ሁለተኛው 1.35 ነው። በ2013 እ.ኤ.አ. የመጡት አራተኛ ትውልድ ኢንቴል ላፕቶፖች ብዙዎቹ ዝቅተኛውን ቮልት ብቻ ነው የሚቀበሉት።

ለመግጠም ከሚመቹት አንዱ በ2012 እ.ኤ.አ. የወጣው ሌኖቮ ቲንክፓድ ኤክስ230 ነው። ሁለት ስሎት አለው፤ እስከ 16 ጊጋ ዲዲአር3 ይቀበላል። ቻርጀሩ ይነቀላል፣ ባትሪው ይወጣል፣ ማብሪያው ለጥቂት ሰከንድ ተጭኖ ይያዛል። ሰውነት ላይ ያለው የማይታይ ኤሌክትሪክ ቺፑን እንዳይጎዳ ቀለም ያልተቀባ ብረት መንካት ይበጃል። ከሥር ያለውን ትንሽ ክዳን በካቻቪቴ ከፍተው ሁለቱን የጎን መያዣዎች ወደ ውጭ ሲገፏቸው የቆየው ራም ራሱ ብድግ ይላል። አዲሱ በጎን ጠርዞቹ ተይዞ በ30 ዲግሪ ገደማ ዘንበል ብሎ እስከ ጥግ ይገባል፤ ወደ ታች ሲጫኑት መያዣዎቹ ቀጭ ብለው ይቆልፋሉ። አንድ 8 ጊጋ ከመግጠም ሁለት ባለ 4 ጊጋ መግጠም ይመረጣል፤ ፕሮሰሰሩ በሁለት መስመር ስለሚያነብ ፍጥነት ይጨምራል። ማሽኑ ጥቁር ስክሪን ላይ ከቀረ ብዙ ጊዜ ራሙ እስከ ጥጉ አልገባም ማለት ነው፤ አውጥቶ እንደገና መግጠም ነው።

ይህ ምቾት በተከታዮቹ ማሽኖች እየጠበበ ሄደ። ኤክስ240 የቀረለት አንድ ስሎት ብቻ ነው፤ በ2018 እ.ኤ.አ. የወጣው ኤክስ280 ደግሞ ራሙ ማዘርቦርዱ ላይ ተበይዶ መጣ። የአፕል ማክቡክ ኤርም በ2008 እ.ኤ.አ. ከጀመረ ወዲህ እንዲሁ ነው። ብየዳው ላፕቶፑን ያሳንሳል፣ ባትሪም ይቆጥባል፤ ባለቤቱ ግን በገዛበት ቀን በመረጠው ልክ ታስሮ ይኖራል። ያገለገለ ላፕቶፕ የሚገዛ ሰው ስለዚህ ዋጋ ከመከራከሩ በፊት የሞዴሉን ስም ጽፎ ራሙ የሚነቀል መሆኑን ያጣራ። የሚነቀል ከሆነ 4 ጊጋ ያለውን በርካሽ ገዝቶ ቆይቶ መጨመር ይችላል፤ የተበየደ ከሆነ ግን ለወደፊቱ የሚያስፈልገውን ያህል ዛሬውኑ መግዛት አለበት።